የማይበሰብሰው ቃጫ

በደቡብ አፍሪካ፣ አልማዝ በሚቆፈርባት በኪምበርሊ ከተማ፣ ዌስት ኤንድ የሚባል የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ሆስፒታል ነበረ። የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ስሌግስ በ1950ዎቹ ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ደረታቸው ውኃ ቋጥሮ፣ ትንፋሻቸው አጥሮ፣ ሥጋቸው መንምኖ ወደ እርሳቸው የሚመጡትን ሕሙማን ሲመለከቱ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ። ከከተማይቱ በስተ ምሥራቅ ካለው አገር የመጡት በጊዜው አዲስ በነበረው የነቀርሳ መድኃኒት ሲሻላቸው፣ በስተ ምዕራብ ካለው ደረቅ አገር የመጡት ግን፣ ሕመማቸው ከፊተኞቹ ሕመም ምንም የተለየ ሳይመስል፣ መድኃኒቱን እየወሰዱ ያልቁ ነበር። አንድ በሽታ ፀሐይ በምትወጣበትና በምትጠልቅበት አቅጣጫ ጠባዩን ሊለውጥ አይችልምና፣ ስሌግስ እነዚህን የምዕራብ ሰዎች የያዛቸው ደዌ ሌላ መሆን አለበት ብለው ጠረጠሩ።

ያ የምዕራቡ አገር የኦሬንጅ ወንዝ የሚያልፍበት፣ ዝናብ የሚያንሰው፣ ሕዝቡም የሣሣ ምድር ነው። ፕሪስካ የምትባለው ከተማ በወንዙ ዳር ትገኛለች፤ በዚያ አገር ያሉት ኮረብቶች፣ ብረት በበዛበት ዐለታቸው መካከል ክሮሲዶላይት የሚባል፣ ከአስቤስቶስ ዓይነቶች አንዱ የሆነ ሰማያዊ ቃጫማ ማዕድን ተሰንቅሮ ስለሚገኝ፣ የአስቤስቶስ ተራሮች ተብለው ይጠራሉ። በ1893 በለንደን የተቋቋመው የኬፕ አስቤስቶስ ኩባንያ ይህን ማዕድን ያወጣ በነበረበት ዘመን፣ ወንዶቹ ዐለቱን ከኮረብታው ሲፈነቅሉ ሴቶቹ ሕፃናታቸውን አጠገባቸው አድርገው መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ዐለቱን በመዶሻ እየቀጠቀጡ ቃጫውን ከድንጋዩ ይለዩ ነበር። ክፍያው በሚያስረክቡት ቃጫ ልክ ነበርና ልጆችም ያግዙ ነበር። ቃጫው ከወጣለት በኋላ የሚቀረው የድንጋይ ትራፊ በየመንደሩ ዳር ተከምሮ ኮረብታ ያህል ሲሆን፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱና ሲመለሱ በክምሩ ላይ እየወጡ ይንሸራተቱ ነበር። በትራንስቫል፣ ፔንጅ በሚባለው ሌላ የአስቤስቶስ ማዕድን ስፍራ፣ ሐኪሙ ጌሪት ስኬፐርስ በ1940ዎቹ መጨረሻ ከዚህ የባሰ ነገር በዓይናቸው ማየታቸውን ኋላ መስክረዋል፤ ትንንሽ ልጆች በትልልቅ ጆንያ ውስጥ ቆመው፣ ቀኑን ሙሉ በራሳቸው ላይ የሚፈሰውን ቃጫ በእግራቸው እየረገጡ እንዲጠቀጥቁ ይደረግ ነበር፤ እግራቸውን እንዳያዘገዩም አለንጋ የያዘ አሠሪ በላያቸው ቆሞባቸው ነበር። አንባቢ እነዚህን ልጆች በኅሊናው እንዲይዛቸው እለምናለሁ፤ ከዚህ በታች ስለ ረቂቁ የሕዋስ ዓለም የሚነገረው ሁሉ እንደ እነርሱ ባሉ ሰዎች ደረት ውስጥ የተፈጸመ ነውና።

በ1956 በጆሃንስበርግ ክሪስቶፈር ዋግነር የሚባሉ ወጣት የፓቶሎጂ ሐኪም፣ የሳንባ ሽፋን ነቀርሳ ይዞት ሞተ የተባለ የአንድ የወርቅ ማዕድን ሠራተኛ አስከሬን ሲመረምሩ፣ የቀኝ ሳንባው ዙሪያውን በወፍራም ዝልግልግ ዕጢ ታፍኖ አገኙት። ዕጢው የበቀለው ከሳንባው ሥጋ ሳይሆን ሳንባንና የደረትን ግድግዳ ከሚያለብሰው ስስ ሽፋን ነበር። ይህ ሜሶቴሊዮማ የሚባለው ካንሰር በዚያን ጊዜ እጅግ ብርቅ ከመሆኑ የተነሣ፣ ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን እንኳ የሚጠራጠሩ የታወቁ ሊቃውንት ነበሩ። ዋግነር ከሳንባው የተቆረጠውን ስስ ቅጠል በማይክሮስኮፕ ሲያዩት፣ መልካቸው ወደ ወርቅነት የሚያደላ፣ ጫፍና ጫፋቸው ያበጠ ቀጫጭን ዘንጎች ተመለከቱ፤ እነዚህም ሰውነት ብረት ባዘለ ፕሮቲን የለበጣቸው የአስቤስቶስ ቃጫዎች ነበሩ።

ስሌግስ በምዕራብ ሰዎች ላይ የጠረጠሩት ሌላ ደዌ ይኸው ካንሰር ነበር። ከዚያ በኋላ ዋግነርና ስሌግስ፣ ፖል ማርቻንድ ከሚባሉት የደረት ቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር ተባብረው፣ ሕሙማኑንና የሟቾቹን ዘመዶች እየፈለጉ ይጠይቁ ጀመር። ጥያቄያቸው ከተለመደው የሐኪም ጥያቄ የራቀ ነበር፤ ሕመሙ መቼ ጀመረህ ከማለት አልፈው፣ የት ተወለድህ፣ ልጅ ሳለህ የት ኖርህ፣ አባትህ ምን ይሠራ ነበር ይሉ ነበር። በ1960 ባሳተሙት ጽሑፍ 33 የሜሶቴሊዮማ ሕሙማንን ታሪክ ገለጡ፤ ከእነዚህ በ32ቱ ዕድሜ ውስጥ አስቤስቶስ አንድ ቦታ ላይ ብቅ ይል ነበር። የቤት እመቤቶች፣ ገረዶች፣ ከብት ጠባቂዎች፣ ገበሬዎች፣ አንድ የኢንሹራንስ ወኪልና አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ሳይቀሩ ከሕሙማኑ መካከል ነበሩ። ብዙዎቹ ወደ ማዕድን ጕድጓድ ገብተው አያውቁም፤ በልጅነታቸው በዚያ አገር ኖረው፣ የዚያን አገር አየር ተንፍሰው፣ አንዳንዶቹም ገና በወጣትነታቸው ለቅቀውት ሄደው ነበር። ሰው አገሩን ለቅቆ ሲሄድ በደረቱ ይዞት የሄደው ነገር ምን ቢሆን ነው ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ የሚገድለው? ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ ለማግኘት የሚቀጥለው የምርምር ዘመን ሁሉ አስፈልጓል፤ አሁንም ያላለቀ ክፍል አለው።

የአስቤስቶስ ጕዳት ዋናው ምንጭ ቅርጹና አለመጥፋቱ ነው። የክሮሲዶላይት ክሪስታል ሲመታ እንደ ሌላው ድንጋይ ተሰባብሮ ጠጠር አይሆንም፤ በቁመቱ እየተሰነጠቀ፣ ርዝመቱን ሳይለቅ ውፍረቱ ብቻ እየቀጠነ ሄዶ፣ በመጨረሻ የአንድ ማይክሮሜትር ሩብ እንኳ ከማይሞላ ቅጥነት ይደርሳል። ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው፤ የሰው ጠጕር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮሜትር ይጠጋል። በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ቃጫ ወደ መሬት የሚወርድበትን ፍጥነት የሚወስነው ከርዝመቱ ይልቅ ውፍረቱ ስለሆነ፣ ቀጭኑ ቃጫ ምንም ቢረዝም ለብዙ ሰዓት ሳይወርድ ይቆያል፤ በእስትንፋስም ሲሳብ ቁመቱን ከአየሩ ፍሰት ጋር አስተካክሎ፣ አፍንጫና የሳንባ ቧንቧዎች ሌላውን አቧራ የሚይዙበትን ጠጕርና ንፍጥ ሁሉ አልፎ፣ ደም ከአየር ጋር እስከሚገናኝበት እስከ መጨረሻዎቹ ረቂቃን የአየር ከረጢቶች ይደርሳል።

በእነዚያ ከረጢቶች ውስጥ ማክሮፌጅ የሚባሉ በላዒ ሕዋሳት አሉ። ተግባራቸው ወደዚያ የገባውን ባዕድ ነገር ሁሉ፣ ባክቴሪያም ይሁን የጥቀርሻ ቅንጣት፣ ከበው መዋጥ፣ የሚፈጨውን በውስጣቸው መፍጨት፣ የማይፈጨውንም ተሸክሞ ማውጣት ነው። የአንድ ማክሮፌጅ ስፋት ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ያህል ስለሆነ፣ አጭር ቃጫ ሲያገኝ ይውጠዋል፣ ይዞትም ይወጣል። ቃጫው ከሕዋሱ የረዘመ እንደ ሆነ ግን፣ ማክሮፌጁ ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ ገላውን እየዘረጋ ይለብጠውና ሌላው ጫፍ ሳይደርስበት ይቀራል፤ አፉ ሳይዘጋ፣ ቃጫውም ሳይዋጥ ሁለቱ ተያይዘው ይቆማሉ። ሌላ ማክሮፌጅ ይመጣና ከወዲያኛው ጫፍ ይጀምራል፤ እርሱም አይሆንለትም። ለውስጥ መፍጫ የተዘጋጁት ኢንዛይሞችና ተሕዋስያንን ለማቃጠል የሚመረቱት የኦክስጅን ውላጆች በዚያ ባልተዘጋው አፍ እየፈሰሱ ንጹሑን የሳንባ ሥጋ ያቆስሉታል። ማክሮፌጁ ሲሞት ቃጫው ምንም ሳይጎድልበት ይወድቃል፣ ተተኪውም ያንኑ ሥራ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሕዋሱ በተፈጥሮው የታዘዘውን ፈጽሞ ሳይበድል፣ በታማኝነቱ ብዛት ቤቱን ማፍረሱ፣ በሕክምና ትምህርት ካነበብሁት ነገር ሁሉ አብልጦ ያሳዝነኛል።

ከማክሮፌጁ የሚወጣው አንዱ ነገር ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነው። ሰማያዊው አስቤስቶስ በባሕርዩ ብዙ ብረት አለበትና፣ በቃጫው ገጽ ያለው ብረት ይህን ፐሮክሳይድ ሃይድሮክሲል ወደሚባለው እጅግ ጨካኝ ወደ ሆነ ራዲካል ይለውጠዋል፤ ይህም የተወለደበትን ቦታ ሳይለቅ፣ መጀመሪያ ያገኘውን ሞለኪውል ይነጥቃል። ዲኤንኤን ሲያገኝ፣ ከአራቱ የዘር ፊደላት አንዱ የሆነውን ጓኒንን ኦክስጅን ጨምሮበት ያበላሸዋል። የተበላሸው ጓኒን በሚቀዳበት ጊዜ በሳይቶሲን ፈንታ ከአዴኒን ጋር ሊጣመር ይችላል፤ በሚቀጥለው ቅጂ ደግሞ ስሕተቱ የጸና ጽሑፍ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜም ሁለቱ የዲኤንኤ ዘርፎች ጨርሰው ይበጠሳሉ።

ጕዳቱም በዚያው አያበቃም። በ2008 በስዊዘርላንድ፣ በሎዛን፣ ዩርግ ቾፕና የሥራ ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት፣ ማክሮፌጆች አስቤስቶስ ሲገጥማቸው ኤን-ኤል-አር-ፒ-3 የሚባለው የውስጥ ጠቋሚያቸው ይነሣሣል፤ እርሱም ኢንተርሉኪን-1 ቤታ የሚባለውን የጥሪ መልእክት እንዲለቅቁ ያደርጋል። በመልእክቱ ሌሎች የመከላከያ ሕዋሳት ይጎርፋሉ። እንዲህ ያለው ጥሪ ተሕዋስ ሲገባ በጥቂት ቀን የሚፈጸም ነው፤ ቃጫው ግን ስለማይሞትና ስለማይበሰብስ፣ ጥሪው ለአሥርተ ዓመታት ሳይቋረጥ ይኖራል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሳንባው ውስጥ ነው። ዋግነር ያዩት ዕጢ ግን በሽፋኑ ላይ የበቀለ ነበርና፣ ቃጫው ወደዚያ የሚደርስበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል። ሳንባ በተስፋፋና በተኮማተረ ቍጥር ከደረት ግድግዳ ጋር እንዳይፋተግ፣ በሁለቱ መካከል ጥቂት ፈሳሽ አለ፤ ይህም ፈሳሽ በደረት ግድግዳ በኩል ባለው ሽፋን ላይ በሚገኙ፣ ከ10 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ስፋት ባላቸው ቀዳዳዎች ወደ ሊምፍ ቧንቧ ይወጣል። ከሳንባው ዘልቀው ወደዚህ ክፍት ቦታ የደረሱት አጫጭር ቃጫዎች ከፈሳሹ ጋር ይወጣሉ፤ ረጃጅሞቹ ግን በቀዳዳው አፍ ላይ ተጋድመው ይቀራሉ። ሜሶቴሊዮማ ብዙውን ጊዜ በግድግዳው በኩል ባለው ሽፋን መጀመሩ በዚህ ይገለጣል።

የሽፋኑ ገጽ የተሠራው ከአንድ ረድፍ ሜሶቴሊያል ሕዋሳት ነው። ቃጫ ሲያገኛቸው ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ የሞተ ሕዋስ ደግሞ ካንሰር ሊሆን አይችልምና፣ ሊቃውንቱን ለብዙ ጊዜ ያስቸገረው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ቃጫው ሕዋሱን የሚገድል ከሆነ ዕጢው ከማን ይበቅላል? በሃዋይ የሚሠሩት ሃይኒንግ ያንግና ሚኬሌ ካርቦኔ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2006 እና በ2010 ያወጡት ጥናት ለዚህ መልስ ሰጠ። ሕዋሳቱ የሚሞቱት በሥርዓት ሳይሆን ገላቸው ተቀድዶ ነው፤ ሲቀደዱም፣ በደኅና ጊዜ በአስኳላቸው ውስጥ የሚኖረው ኤች-ኤም-ጂ-ቢ-1 የሚባል ፕሮቲን ወደ ውጭ ይፈስሳል። ይህን የቀመሱ ማክሮፌጆች ቲኤንኤፍ አልፋ የሚባለውን መልእክት ይለቅቃሉ። መልእክቱ ለጎረቤት ሜሶቴሊያል ሕዋሳት ሲደርስ ከሞት የሚያድናቸውን ውስጣዊ ሥርዓት ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ዲኤንኤያቸው የተበላሸ፣ በደንቡ መሞት የሚገባቸው ሕዋሳት በሕይወት ይቆያሉ፤ የሞቱትንም ለመተካት ይከፋፈላሉ።

በዚህ መከፋፈል ጊዜ ቃጫው ሌላ ጕዳት ያደርሳል። ሜሶቴሊያል ሕዋስ ቃጫን ወደ ውስጡ ሊያስገባ ይችላል፤ የገባውም ቃጫ በአስኳሉ ዙሪያ ይከማቻል። ሕዋስ ሲከፈል 46ቱ ክሮሞሶሞች እያንዳንዳቸው በእጥፍ ከተቀዱ በኋላ፣ ከሕዋሱ ሁለት ጫፎች በተዘረጉ ረቂቃን ክሮች ተይዘው እኩል ወደ ሁለት ወገን ይሳባሉ። ሸማኔ በዘረጋው ድር መካከል ስንጥር ሲገባበት ክሮቹ እንደሚጠላለፉና እንደሚበጠሱ፣ በዚህም ቦታ የተጋደመ ቃጫ ክሮሞሶሞቹን ይይዛቸዋል፣ አንዱን ያስቀረዋል፣ ሌላውን ይቆርጠዋል። ቃጫው ረጅም ከሆነ ሕዋሱ ወገቡን አጥብቆ ለሁለት እንዳይለያይ ያግደዋል፤ በዚያን ጊዜ ሁለት አስኳል ያለው አንድ ሕዋስ ይቀራል። ከእንዲህ ያለ ክፍፍል የሚወለዱት ልጆች ክሮሞሶም የበዛባቸው ወይም የጎደለባቸው ናቸው።

የሜሶቴሊዮማ ሕዋሳት የዘር ጽሑፍ ሲነበብ ይህ ታሪክ ተጽፎበት ይገኛል። ከጂኖቹ መበላሸት ይልቅ መጥፋታቸው ጎልቶ ይታያል። በዘጠነኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው፣ ሕዋስ ያለ ጊዜው እንዳይከፈል የሚያግደው ሲዲኬኤን2ኤ የሚባለው ጂን በብዙዎቹ ተቆርጦ ወጥቷል፤ በሦስተኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው ባፕ1፣ በ22ኛው ላይ ያለው ኤንኤፍ2 እንዲሁ ይጠፋሉ። ሰው የእያንዳንዱን ጂን አንድ ቅጂ ከአባቱ፣ አንድ ቅጂ ከእናቱ ይወርሳልና፣ ጥበቃው እንዲፈርስ ሁለቱም ቅጂዎች፣ ያውም የብዙ ጂኖች፣ በአንድ የሕዋስ ሐረግ መጥፋት አለባቸው። እንዲህ ያለው አጋጣሚ በአንድ ቀን አይሆንም፤ በሽታው ለመታየት ከ20 እስከ 50 ዓመት፣ ብዙውን ጊዜ ከ30 በላይ የሚፈጅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በ2011 የታተመ ጥናት ደግሞ ከሁለት የአሜሪካ ቤተሰቦች ተነሥቶ፣ አንዱን የባፕ1 ቅጂ ከመወለዳቸው ጀምሮ የተበላሸ ሆኖ የወረሱ ሰዎች ለዚህ ካንሰር ይልቁን የተጋለጡ መሆናቸውን አረጋገጠ።

ቅርጹ ዋና መሆኑን እንዴት እናውቃለን ለሚል አንባቢ ሁለት ማስረጃ አቀርባለሁ። በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ሜርል ስታንተን ብዙ ዓይነት ቃጫዎችን፣ መስታወት ሳይቀር፣ በአይጦች የሳንባ ሽፋን ላይ እያኖሩ ሲፈትኑ፣ ከ8 ማይክሮሜትር የረዘሙና ከሩብ ማይክሮሜትር የማይወፍሩት፣ ከምንም ነገር ቢሠሩ፣ ከሌሎቹ አብልጠው ካንሰር እንደሚያስነሡ አገኙ። ሁለተኛው በቱርክ፣ በቀጰዶቅያ የሚገኘው የካራይን መንደር ነው። በ1970ዎቹ ሐኪሙ ኢዘቲን ባሪሽ እንደ ደረሱበት፣ በዚያ መንደር ከሚሞተው ሰው ግማሽ ያህሉን የሚገድለው ሜሶቴሊዮማ ነበር፤ የአስቤስቶስ ማዕድንም ሆነ ፋብሪካ አልነበረም። ቤቶቹ የተሠሩበት ድንጋይና አፈር ግን ኤሪዮናይት የሚባል፣ በኬሚካላዊ ባሕርዩ ከአስቤስቶስ የተለየ፣ በቃጫነቱ ግን የሚመስለው ማዕድን ነበረበት።

ነጩ አስቤስቶስ፣ ክሪሶታይል፣ ቃጫው የሚጠማዘዝና በሳንባ ውስጥ ከሰማያዊው ቶሎ የሚሰባበር በመሆኑ፣ ጕዳት የለውም ብለው የተከራከሩለት ብዙ ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ግን ሁሉንም የአስቤስቶስ ዓይነቶች በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ተርታ መድቧቸዋል፤ እኔም ክርክሩን ስመረምር ከዚህ ፍርድ የሚያርቅ ምክንያት አላገኘሁም። አስቤስቶስ የሳንባውን የራሱን ሥጋም ካንሰር ያደርጋል፤ በዚህ ላይ ሲጋራ ሲጨመር አደጋው ይባዛል። በኒው ዮርክ ኧርቪንግ ሴሊኮፍ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1979 ባሳተሙት ጥናት፣ አስቤስቶስ ብቻ የነካቸው ሠራተኞች በሳንባ ካንሰር የመሞት አደጋቸው 5 ጊዜ ያህል፣ ሲጋራ ብቻ ያጨሱት 11 ጊዜ ያህል፣ ሁለቱ የተገናኙባቸው ግን ከ50 ጊዜ በላይ የበዛ ነበር። ሜሶቴሊዮማን ግን ሲጋራ አይጨምረውም።

የፕሪስካ ሰማያዊ ቃጫ በመርከብ ተጭኖ በምሥራቅ ለንደን፣ ባርኪንግ በሚባለው ሰፈር ወደነበረው የኬፕ ኩባንያ ፋብሪካ ይሄድ ነበር። በ1965 ሙሪየል ኒውሃውስና ሂልዳ ቶምፕሰን በለንደን ሆስፒታል የተመዘገቡ የሜሶቴሊዮማ ሕሙማንን ታሪክ ሲያጣሩ፣ ከሠራተኞቹ ሌላ፣ ከፋብሪካው በግማሽ ማይል ርቀት ውስጥ ከመኖር በቀር ከአስቤስቶስ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው ሰዎች አገኙ። የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ እያራገፉ ያጥቡ የነበሩ ሚስቶችም በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ።

ሕክምናው እስካሁን ብዙ አልራቀም። በ2003 የወጣው የሁለት መድኃኒቶች ቅንብር ሕሙማኑ ሕክምና ከጀመሩ በኋላ በሕይወት የሚቆዩበትን አማካይ ጊዜ ከ9 ወር ወደ 12 ወር አደረሰው፤ በ2021 የታተመው፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁ ሁለት መድኃኒቶች የተፈተኑበት ጥናት ደግሞ ከ14 ወር ወደ 18 ወር አሳደገው። ኬፕ ኩባንያ ደቡብ አፍሪካን በ1979 ለቅቆ ወጣ። በ2000 የእንግሊዝ የመኳንንት ምክር ቤት የደቡብ አፍሪካ ሕሙማን ኩባንያውን በእንግሊዝ አገር ሊከሱት እንደሚችሉ ፈረደ፤ ከ7,000 በላይ የሆኑት ከሳሾች ካሣ የተስማሙት በ2003 ነው፤ ገንዘቡ ሳይደርሳቸው የሞቱም ብዙዎች ናቸው። ደቡብ አፍሪካ አስቤስቶስን በሕግ የከለከለችው በ2008 ነው።

ከሲሚንቶ ጋር ተቀላቅሎ የተሠራው አስቤስቶስ ባለፈው ምእት ዓመት በዓለም ዙሪያ በጣራ ቆርቆሮነት፣ በግድግዳ ገበታነትና በውኃ ቧንቧነት ተሠራጭቷልና፣ በግንባታና በማፍረስ ሥራ የሚውል ሰው፣ በአገር ቤትም ሆነ በስደት፣ ይህን ቢያውቅ እወድዳለሁ። ሳይሰበር የቆመ ጣራ ብዙ አያሰጋም፤ ቃጫው የሚለቀቀው ሲቆረጥ፣ ሲበሳ፣ ሲፋቅና ሲደቅቅ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ጣራ ለማንሣት የሠለጠነ ሰው ይጠራ፤ እርሱ በማይገኝበትም ጣራው በውኃ ይርስ፣ ሙሉውን እንዳለ ይውረድ፣ በመጋዝ አይቆረጥ፣ ብናኙም በደረቁ አይጠረግ፤ ተራ የጨርቅ ጭንብል እንዲህ ያለውን ረቂቅ ቃጫ አይከለክልም፤ የሥራውም ልብስ ከቤት ልብስ ጋር በአንድነት አይታጠብ፣ ልጆች ባሉበትም አይራገፍ።